ስለ ሥዕል መነጋገር



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ሥዕል ራሱ አይደለም፤ ሰዎች በሥዕል ፊት ቆመው የሚናገሩትና ስለ ሥዕል የሚጽፉት ነገር ነው። ሥዕል የሚሠራው በቀለምና በሸራ ነው፤ በአንድ አገር ሥር የሚሰደው ግን ሰዎች ስለ እርሱ በሚለዋወጡት ቃል ነው። ይህ ቃል ሲጎድል ሠዓሊው ብቻውን ይቀራል፤ ተመልካቹም የራሱን ሀብት ሳያውቀው በአጠገቡ ያልፋል። ስለዚህ ነገሩ የሠዓልያን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ቀን በመሥሪያ ቤት ውሎ ማታ ጋዜጣ የሚያነብና ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ልጀምር። አንድ ሠዓሊ በሐዋሳ ከተማ በቡሹሎ በኩል ሆኖ ሐይቁን በማለዳ ሣለ እንበል። ውሃውን ግን ሰማያዊ አላደረገውም፤ ቀይ አደረገው። ታንኳውን በሁለት ጥቋቁር መሥመሮች ብቻ አመለከተ፤ ለዓሣ አጥማጁም ፊት አልሣለለትም። ሥዕሉ በከተማው በአንድ አዳራሽ በተሰቀለ ጊዜ፣ ከሥራ የወጡ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች በፊቱ ቆሙ።

ወጣቱ፣ «ጋሼ፣ እንዴት ያዩታል?» ሲል ጠየቀ።

ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ በዚህ ሐይቅ ዳር ሠላሳ ዓመት ስኖር ቀይ ውሃ አይቼ አላውቅም» አሉት።

ወጣቱም፣ «እኔም አልገባኝም፤ ነገር ግን ዘመናዊ ሥዕል ነው ስለሚባል መልካም ሳይሆን አይቀርም» አለ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ሻይ ሊጠጡ ሄዱ።

አድማጮቼ፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እኔ ሽማግሌው ይሻላሉ እላለሁ። ወጣቱ ሳያይ አመሰገነ፤ እርሳቸው ግን ቢያንስ አይተዋል፤ ያዩትንም ከሚያውቁት ጋር አስተያይተዋል። የጎደላቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፤ እርሷም «ሠዓሊው ውሃውን ለምን ቀይ አደረገው?» የምትለዋ ናት። ይህችን ጥያቄ ቢጨምሩ ኖሮ፣ ሽማግሌው ስሙን ሳያውቁት ሐያሲ በሆኑ ነበር።

ሒስ ወይም ትችት የሚባለውን ቃል ብዙዎቻችን ከነቀፋና ከጠብ ጋር እናዛምደዋለን። የአባቶቻችን ልማድ ግን እንዲህ አልነበረም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል። መምህሩም ቤቱ መምታቱን፣ ሰዋስዉ መቃናቱን፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር መስማማቱን ይመረምሩለታል፤ የተጣመመውን ያቃናሉ፤ የሰመረውን ያመሰግናሉ። ይህን የመምህሩን እርማት ማንም ጥላቻ ብሎ አይጠራውም። እንዲያውም ቅኔው ሳይመረመርለት የቀረ ተማሪ እንደ ተናቀ ይቆጠራል። እንግዲህ መተቸት ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አይደለም፤ በቃል ጥበብ ረገድ ለዘመናት የኖርንበት ነው።

በሥዕልም ቢሆን የቀድሞው ተመልካች ያለ ማንበቢያ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኀጥኡ ግን በጎን በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ምእመኑ ይህን ሕግ ስለሚያውቅ፣ ፊደል ባይቆጥርም ሥዕሉን ያነብ ነበር። ዛሬ የቸገረን ነገር፣ አዲሱ ሥዕል አዲስ ሕግ ይዞ ሲመጣ የንባቡን ትምህርት በቋንቋችን አሟልተን አለማደራጀታችን ነው።

አዲሱ ሥዕል በአገራችን የቆመው በብዙ ድካም ነው። የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. በአቶ አለ ፈለገ ሰላም ጥረት ተመሠረተ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ተምረው ተመልሰው፣ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም መስተዋት በ1961 ፈጸሙ። አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምረው፣ በ1962 ተመልሰው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተማሩ። አቶ እስክንድር ቦጎሲያን በለንደንና በፓሪስ ከቆዩ በኋላ በ1966 ተመልሰው በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ። የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ሽልማት በ1964 ለአቶ አፈወርቅ፣ በ1965 ለአቶ ገብረ ክርስቶስ ተሰጠ።

ስለ አፈወርቅ መስተዋት መነጋገር ለብዙ ሰው አይከብድም። ሥራው በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ ኀዘን፣ ትግልዋንና የወደፊት ተስፋዋን ይተርካል፤ ተመልካቹም ታሪኩን ተከትሎ ይሄዳል። በገብረ ክርስቶስ ረቂቅ ሥዕል ፊት ግን ያው ተመልካች ይቸገራል፤ የሚከተለው ታሪክ የለም፤ ያለው የቀለም ክብደት፣ የቅርጽ ግጭትና የባዶ ቦታ ጸጥታ ነው። «ይህ ኢትዮጵያዊ ነውን?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው። ክርክር የሚገባውም እንዲህ ላለው ጥያቄ ነው።

ታዲያ ክርክሩ የት ተደረገ? በ1960ዎቹ ዓመታት ባለቅኔው አቶ ሰሎሞን ደሬሳ ስለ እስክንድርና ስለ ገብረ ክርስቶስ ጥልቅ ጽሑፎችን ጻፉ፤ የታተሙት «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት፣ በእንግሊዝኛ ነው። ሲድኒ ሔድ የተባሉ አሜሪካዊም ከገብረ ክርስቶስ ጋር ያደረጉት ምልልስ በ1969 «አፍሪካን አርትስ» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ መጽሔቱ ያን ጊዜ ይታተም የነበረው በሎስ አንጀለስ ነው፤ ምልልሱም የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ጋዜጦች ምንም አልተጻፈም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የታሪክ ጸሓፊ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሊጽፍ ሲነሣ፣ እጁን አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ እነዚህ የእንግሊዝኛ ገጾች ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊ ብቻ አልነበሩም፤ በአማርኛ ግጥም የሚጽፉ ባለቅኔም ነበሩ። ሰሎሞን ደሬሳም «ልጅነት» የተባለውን የአማርኛ የግጥም መጽሐፋቸውን በእኛ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ያሳተሙ ሰው ናቸው። ሁለቱም አማርኛውን እንደ ልባቸው ያዙት ነበር። በሁለት የአማርኛ ባለቅኔዎች መካከል የሆነው የሥዕል ነገር በባዕድ ቋንቋ መታተሙ የእነርሱ ጥፋት አይደለም። ጽሑፉን ተቀብሎ የሚያትምና ጠብቆ የሚያነብ የአማርኛ መድረክ ባለመደራጀቱ የመጣ ነው። የዚያን ጊዜው የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ በገብረ ክርስቶስ ሥዕል ፊት «አልገባኝም» ቢል፣ እንዲገባው የሚረዳው ጽሑፍ የተጻፈው እርሱ በማያነበው ቋንቋ ነበር።

የዚህም ዋጋ ቆይቶ ታየ። አቶ እስክንድር ወደ አሜሪካ ሄደው ከ1972 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ2003 በዋሽንግተን ዐረፉ። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ከሥነ ጥበብ የሚጠየቀው የአብዮቱን ዓላማ ማገልገል ሆነ፤ ስለ ሥዕል የሚነገረውም ንግግር ወደ አንድ ድምፅ አዘነበለ። አቶ ገብረ ክርስቶስም አገራቸውን ለቅቀው ወጥተው በ1981 በአሜሪካ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳ አልሞላም ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል የተከፈተው በ2008 ነው። በዚያ አንዳንዶቹን ሥዕሎቻቸውን ዛሬ ማየት ይቻላል። ሥዕሎቹ አገራቸው ገቡ፤ ሠዓሊው ሳሉ ሊደረግ የሚገባው ጭውውት ግን ተመልሶ አይመጣም። ሕዝባዊ ጭውውት ጠንክሮ ቢሆን ኖሮ ከስደት ያድናቸው ነበር ማለት አልደፍርም፤ የዘመኑ ኀይል ከባድ ነበርና። ነገር ግን የሚያውቃቸውና የሚጠይቃቸው፣ ሲሄዱም የሚናፍቃቸው ተመልካች በብዛት ይኖራቸው ነበር።

የሌላውን ቤት አይቶ የራስን ማስተካከል ብልህነት ነውና፣ አሁን ጥቂት ወደ ቻይና እንመልከት። ቻይናን የመረጥሁበት ምክንያት፣ እርሷም እንደ እኛ የጥንት የጽሕፈትና የሥዕል ልማድ ያላት፣ ልጆቿ አውሮፓ ሄደው ሥዕል የተማሩባትና የአብዮትን እሳት ያየች አገር በመሆኗ ነው።

ሺዬ ሄ የተባሉ ቻይናዊ በ500 ዓ.ም. ገደማ የሥዕልን ስድስት ሕጎች ጻፉ። የመጀመሪያው ሕግ ሥዕሉ ሕያው መንፈስና እንቅስቃሴ ይኑረው የሚል ነው፤ ከሚታየው ነገር ጋር መመሳሰል የተጠቀሰው በሦስተኛው ተራ ነው። የቡሹሎው ምሳሌያችን ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ ይገረሙ ነበር! ከዚህም በላይ በቻይና የሥዕል ጥቅልል ላይ ባለቤቶቹና ተመልካቾቹ አስተያየታቸውን በብዕር ይጽፉ፣ ማኅተማቸውንም ያትሙ ነበር። ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የብዙ መቶ ዓመታት ጭውውት ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

ይህ ልማድ በኋላ ዘመን ከባድ ፈተና ደረሰበት። በ1942 ማኦ ዜዶንግ በየናን ባደረጉት ንግግር፣ ጥበብ ለሠራተኛው፣ ለገበሬውና ለወታደሩ ማገልገል አለበት አሉ፤ ይህም መንግሥታቸው በ1949 ከቆመ በኋላ የአገሪቱ መመሪያ ሆነ። በፓሪስ ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ ዉ ጓንጆንግ፣ በ1966 የባህል አብዮት በተነሣ ጊዜ ከሥዕሎቻቸው ብዙውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። እኒሁ ሰው ግን ያ ዘመን ሲያልፍ ዝም አላሉም። በ1979 «ሜይሹ» በተባለው የአገሪቱ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ፣ ሥዕል በቅርጹ ብቻ ውበት ሊኖረው እንደሚችል የሚከራከር ጽሑፍ በቻይንኛ አወጡ። ያች አጭር ጽሑፍ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ክርክር ቀሰቀሰች፤ የደገፏትም የተቃወሟትም በዚያው ቋንቋ ጻፉ።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ወጣት ሠዓልያን አዳራሽ ባያገኙ፣ ሥዕላቸውን በቤጂንግ ከብሔራዊው የሥዕል ቤት አጠገብ ባለው አጥር ላይ ሰቀሉ፤ ፖሊስም በጥቂት ቀን ውስጥ አስቆመው። በ1985 ስለ ሥነ ጥበብ ብቻ የሚጽፍ ሳምንታዊ ጋዜጣ ተቋቋመ፤ እስከ 1989 መጨረሻም ሲታተም ቆየ። በ1989 በየካቲት ወር ጋዎ ሚንግሉ የተባሉት ሐያሲና ጓደኞቻቸው በዚያው በብሔራዊው የሥዕል ቤት ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፈቱ። በዚያ ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ የሺያው ሉ ነበር፤ ስሙም «ምልልስ» ይባላል። ሁለት የስልክ ቤቶች አሉ፤ በአንዱ ወንድ፣ በአንዱ ሴት ሲያወሩ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ስልክ ግን እጀታው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሠዓሊዋ በመክፈቻው ቀን በገዛ ሥራዋ ላይ ሽጉጥ ተኮሰች፤ ኤግዚቢሽኑም ወዲያው ተዘጋ። ሁለት ሰዎች እየተናገሩ አለመደማመጣቸውን ከዚህ አጥብቆ ያሳየ ሥራ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የውጭ አገር ሰብሳቢዎችና የውጭ ገንዘብ ወደ ቻይና ሥዕል ጎረፉ፤ «ዋጋውንና ደረጃውን ባዕድ ይወስንልን?» የሚል ሙግትም ተነሣ። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። በ2010 በኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የቻይናን የቅርብ ዘመን ሥዕል ታሪክ በሰነድ ባሳተመ ጊዜ፣ ሰነዶቹን ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ነበረበት። ምክንያቱም ቻይናውያን፣ መልካም በሆነውም በክፉውም ጊዜ፣ ስለ ሥዕላቸው በቋንቋቸው ተጨቃጭቀው ነበር። ዓለም የእነርሱን ቃል ሊሰማ ወደ እነርሱ መጣ። እኛ ግን ስለ ገብረ ክርስቶስ የተባለውን ለማወቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ግድ ይሆንብናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላቀርብም። በመጀመሪያ፣ ስለ ሥዕል የሚጽፍ ሰው አራት ነገር ይፈጽም። አስቀድሞ ሥዕሉን በትዕግሥት ይመልከት። ቀጥሎ ያየውን፣ ሥዕሉን ያላየ ሰው እንኳ በዓይነ ልቡናው እንዲያየው አድርጎ ይግለጽ። ሦስተኛ፣ ሠዓሊው ምን ለማድረግ እንደ ተነሣ ይጠይቅ። በመጨረሻ ያሰበው ተሳክቶለት እንደ ሆነና፣ ሐሳቡም ሊደከምለት የሚገባ እንደ ሆነ ይፍረድ። ሦስቱን ዘሎ ከአራተኛው የሚጀምር ሰው ተሳዳቢ ወይም አወዳሽ ይሆናል እንጂ ሐያሲ አይሆንም። በጽሑፉም ግርጌ ስሙን ያኑር፤ ሠዓሊውም መልስ ቢኖረው በዚያው ጋዜጣ ቦታ ይሰጠው።

ሁለተኛው ነገር እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን ይመለከታል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት በመሥሪያ ቤት ያገለገለን ይሆናል፤ በሥዕል ፊት ግን አያገለግልም። በኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ሁላችንም «እጅግ ድንቅ ነው» ብለን እንወጣለን፤ በደረጃው ላይ ስንወርድ ደግሞ እውነተኛ አሳባችንን በሹክሹክታ እንነጋገራለን። ሠዓሊውን የሚጠቅመው ያ በደረጃ ላይ የቀረው ቃል ነበር። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ናት፤ እውነትን የምታስቀብር ሲሆን ግን ጉዳት ናት።

ሦስተኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስንት ሥዕል ተሰቅሏል! ከሥሩ የሠዓሊው ስም፣ የተሣለበት ዓመትና አርእስቱ ያልተጻፈበት ጥቂት አይደለም። አንድ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሳይኖረው ከመዝገብ ቤት እንዳይወጣ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ አንድ ሥዕል ያለ ስም ለዓመታት ሲንጠለጠል ዝም ማለታችን ያሳፍራል። ስሙን የማናውቀውን ሠዓሊ ልንጠይቀውም፣ ልንተቸውም፣ ልናመሰግነውም አንችልም።

አሁን ወደ ቡሹሎው ምሳሌያችን ልመለስና ልጨርስ። ሽማግሌው ከሻይ ቤት ተመልሰው ሠዓሊውን፣ «ልጄ፣ ውሃውን ለምን ቀይ አደረግኸው?» ብለው ጠየቁት እንበል። ሠዓሊው፣ «አባቴ፣ ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ለአፍታ እንደዚህ ይሆናል» ሊል ይችላል። ወይም፣ «ዓሣ አጥማጁ ባዶ መረብ ይዞ የሚመለስበትን ቀን አስቤ ነው» ይል ይሆናል። ወይም ደግሞ፣ «ገዢ ቀይ ይወዳል ተብዬ ነው» ይል ይሆናል። ሦስቱ መልሶች እኩል አይደሉም፤ ሽማግሌውም ያውቁታል። መልሱን ሰምተው፣ ሥዕሉን እንደ ገና አይተው፣ «ያሰብኸው ገባኝ፤ ነገር ግን በቀለሙ አላሳየኸኝም» ቢሉት እንኳ፣ ይህ ቃል ከመቶ «ድንቅ ነው» ይበልጣል። መጠየቅ ሁሉን ለመውደድ መስማማት አይደለምና። ሠዓሊውም በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ሲመለስ ብቻውን አይመለስም፤ ጠያቂውን በልቡ ይዞ ይመለሳል። በጋሼ ጎን ቆሞ ያዳመጠው ወጣትም፣ ሳያዩ ማመስገን እንደማይበቃ ያን ዕለት ይማራል።

ይህን የመሰለ ጭውውት በአማርኛና በየቋንቋችን ተጽፎ ለሚመጣው ትውልድ ይቆየው እላለሁ።